ከአባቴ የልብ ቀዶ ጥገና በፊት ማንም ያልነገረኝ

አባቴ 76 ዓመታቸው ነው። ደሴ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተምረዋል። አሁን ከእኔ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። ሚያዝያ 2016 ላይ፣ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2024 መሆኑ ነው፣ የልብ ባይፓስ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። በማግስቱ የመተንፈሻ ቱቦው ወጣላቸው፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አገር ቤት ደውዬ ተመስገን አልን።

ስለ ልባቸው ያልተነገረኝ የለም። ስለ ቁስሉ፣ ስለ ደረት አጥንታቸው፣ በእጃቸው ተደግፈው እንዳይነሱ፣ ስለ ጨው። ስለ አእምሯቸው ግን በተሰጠኝ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ብቻ ነበረች፦ አንዳንድ ታካሚዎች ለጊዜው ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። አንብቤ አለፍኳት።

ነገሩ ዴሊሪየም ይባላል። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የሚመጣ የአእምሮ መዛባት ነው። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ሲመሽ ይብሳል። ከመርሳት በሽታ የተለየ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ በብዛት ከሚያጋጥሟቸው ችግሮች አንዱ ነው። እኛ «ማደንዘዣው ነው፣ ይለቃቸዋል» ብለን እንተወዋለን። ሁለት መልክ አለው። አንዱ ይጮኻል፣ ቱቦ ይነቅላል፤ እሱን ሁሉም ሰው ያየዋል። ሌላው ዝም ይላል። ዝም የሚለውን ማንም አያየውም። እኔም አላየሁትም።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስደርስ ነርሷ «አባትሽ ትንሽ ተምታቶባቸዋል» አለችኝ። ምን ብለው እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓመቱን ስትጠይቃቸው 2016 ብለዋታል። ሰዓቱን ስትጠይቃቸው ሁለት ሰዓት ብለዋታል፤ በእሷ ሰዓት ከጠዋቱ ስምንት ነበር። ሁለቱም ትክክል ነው! በእንግሊዝኛ ስለመለሱላት አስተርጓሚ የጠራ የለም። ዘመን አቆጣጠራችንንና ሰዓታችንን አስረዳኋት። ይቅርታ ጠየቀች፣ መዝገቡ ላይም አስተካከለች።

ጉዳዩ እዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ አባቴ ላይ የሚታይ እንግዳ ነገር ሁሉ «የቋንቋ ጉዳይ ነው» ተብሎ ታለፈ። እኔም ራሴ አብሬ አሳለፍኩት።

የዚያን ቀን ማታ «ደክሞሻል፣ ቤት ሄደሽ ተኚ» አሉኝ። ሄድኩ። የጆሮ መስሚያ መሣሪያቸውንና መነጽራቸውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ሄድኩ። ወረቀቱ «ውድ ዕቃ ሆስፒታል አታምጡ» ይላል፤ መሣሪያው ደግሞ ውድ ነው፣ እንዳይጠፋ ብዬ ነው። አስቡት። አንድ ሽማግሌ ሰው ሳይሰሙ፣ አጥርተው ሳያዩ፣ ማሽን ሲጮህ በሚያድርበት ክፍል፣ ቋንቋቸውን ከማያውቁ ሰዎች ጋር ተዉአቸው። ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ቤናድሪል ተሰጣቸው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛው ያው የአለርጂ መድኃኒት ነው፣ ያስተኛል። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር የሚያወጣው የቢርስ ዝርዝር የሚባል አለ፤ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ሊርቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶች የተጻፉበት ነው። ቤናድሪል እዚያ ላይ አለ። አእምሮን ያምታታል፣ ሽንትም ይይዛል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የሰጠው ክፍል ግን ማወቅ ነበረበት። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጠዋት ስገባ አባቴ ዝም ብለው ጣሪያውን ያያሉ። «አባባ፣ እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ደህና» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ። ነርሷ በጣም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ሁልጊዜ እንዲህ ዝምተኛ ናቸው?»

«አዎ፣ ጨዋ ሰው ናቸው» አልኳት።

ውሸት ነበር። ሆን ብዬ አይደለም፤ በፈረንጅ ፊት አባቴ ጨዋ እንዲባሉልኝ ፈልጌ ነው። አባቴ ዝምተኛ አይደሉም። በየማለዳው ልጆቼን በስም እየጠሩ ይጠይቃሉ። የዚያን ቀን አንዱንም አልጠሩም። አንሶላውን በጣታቸው ይለቅማሉ፣ ወሬ መሀል እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ፊደል እየተጠራ «ኤ» ሲሰሙ እጅ የሚጨምቁበት ፈተና አለ፤ እሱን ሰጧቸው። መስሚያቸው ጆሯቸው ላይ አልነበረም። አብዛኛውን ሳቱ፣ «አልሰሙም» ተብሎ ታለፈ። ማታ ላይ በሟች እህታቸው ስም ጠሩኝ። ያኔ ደነገጥኩ።

የሳምንቱን ቀናት ወደ ኋላ እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። ቤት ሳሉ በአንድ ትንፋሽ የሚሉት ነው። «እሁድ፣ ቅዳሜ፣ ዓርብ፣ ሐሙስ…» ብለው ቆሙ። ሐሙስን ሦስት ጊዜ ደገሙት። ወጥቼ «ይህ ቋንቋ አይደለም፣ ዴሊሪየም ነው፣ የአረጋውያን ሐኪም ጥሩልኝ» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። አላፍርበትም።

ሐኪሟ ስትመጣ በመጀመሪያ ፊኛቸውን በአልትራሳውንድ አየች። ጢም ብሎ ሞልቷል። የሽንት ቱቦው ከወጣ በኋላ በደንብ ሸንተው አያውቁም፣ ማንም አልጠየቃቸውም፣ እሳቸውም ለወጣት ነርስ መናገር ያፍራሉ። ሆዳቸው ደርቋል። በቂ ውሃም አልጠጡም። ቤናድሪሉን አስቆመች፣ የሕመም ማስታገሻውን አስተካከለች። ከዚያ በኋላ የታዘዘው ነገር ሁሉ ተራ ነው፦ መነጽር፣ መስሚያ፣ ቀን መጋረጃው ተከፍቶ ወንበር ላይ መቀመጥ፣ በቀን ሦስቴ ኮሪደር ላይ መራመድ፣ ሌሊት ጨለማና ጸጥታ፣ የሚያውቁት ሰው።

ይህ ተራ ነገር ተፈትኖ የታየ ነው። ሻሮን ኢኖዬ የምትባል ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር በ1999 (በፈረንጆቹ) ያሳተመችው ጥናት 852 የሆስፒታል ታካሚዎችን አካቷል፤ ሁሉም 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። እንዲህ ያለ እንክብካቤ ካገኙት ውስጥ 9.9 በመቶ፣ ካላገኙት 15 በመቶ ዴሊሪየም ያዛቸው። እነዚያ ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎች አልነበሩም፤ ግን ለአባቴም የታዘዘው ያው ነው።

እንግዲህ የእኔ ምክር። «ውድ ዕቃ አታምጡ» የሚለውን ለወርቅና ለገንዘብ ተዉት። መነጽርና መስሚያ ከእነ ባትሪው፣ ስም ተጽፎበት፣ ከሰውየው ጋር ይግባ። «ሄዳችሁ ተኙ» ሲሏችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ተራ ገብታችሁ እደሩ። ለብቻ የሚሆን አይደለም፤ እህት፣ ወንድም፣ የዕድር ሰው ጥሩ። ቤተሰብ አያስተርጉም ይላሉ። ለሕክምና ውሳኔ እውነት ነው፤ እዚህ አገር ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት ጠይቁ። ሰውየው እንደ ወትሮው መሆን አለመሆኑን ግን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ አስተርጓሚ የለም። እምቢ ቢሏችሁም ተናገሩ።

ከአልጋው በላይ ወረቀት ለጥፉ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን ለጠፍኩ፦ በእኛ አቆጣጠር 2016 ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት ስምንት ነው፣ ዝምተኛ ሰው አይደሉም፣ ያለ መስሚያ አይሰሙም፣ የሚያስተኛ መድኃኒት ከመስጠታችሁ በፊት ደውሉልኝ። የጾሙንም ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ዐቢይ ጾም ነበርና አባቴ እንቁላሉንና እርጎውን ዝም ብለው ይመልሱ ነበር፤ በአራተኛው ቀን የንስሐ አባታቸው በስልክ ፈቅደውላቸው ነው መብላት የጀመሩት። ስልኩን ከሳምንት በፊት መደወል እችል ነበር።

አራት ቀን ፈጀ። በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ጠዋት ደህና ሆነው ማታ ይመለስባቸዋል። በኋላ እንደነገሩኝ በር ላይ ሰዎች ቆመው ሊወስዷቸው ይመክሩ ነበር፣ ሊነግሩኝም ፈርተው ነበር። እኔ ጨዋ ያልኩት ዝምታ ውስጥ ይህ ሁሉ ነበር።

በሰባተኛው ቀን ወራቱን ወደ ኋላ እንቁጠር አልኳቸው። «ነሐሴ፣ ሐምሌ…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አነሱ።

«ጳጉሜን የት ጥለሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ። ከዚያ እስከ መስከረም ራሳቸው ቆጠሩት።