ከአፍዴራ እስከ ሰሜን ተራሮች በአንድ ሹሩባ

በ2011 ዓ.ም. በየካቲት መጨረሻ ከአዲስ አበባ ተነሥተን በአፋር በኩል ወደ ትግራይ፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ወደ ሰሜን ተራሮች ተጓዝን። መንገዱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ከሚወርደው የደናክል ሜዳ ጀምሮ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስካለው የጨነቅ ካምፕ ድረስ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ ጨው፣ አቧራ፣ የድኝ ጭስ፣ የሚያቃጥል ፀሐይና ውርጭ በአንድ ጉዞ ውስጥ ተፈራርቀውብናል። ፀጉሬ ሲፈታ ከወገቤ ስለሚደርስ፣ ከሻንጣዬም ከጫማዬም አስቀድሜ ያሰብኩት ስለ እርሱ ነበር። ስለ ፋሲል ግንብና ስለ አክሱም ሐውልት የጻፈ ሰው ብዙ ነው፤ ረጅም ፀጉር ይዞ ውሃ በማይገኝበት አገር እንዴት እንደሚሰነበት የሚነግረኝ ጽሑፍ ግን ፈልጌ አላገኘሁም፤ ስለዚህ ይህ ማስታወሻ ከዚሁ ጉዳይ ብዙም አይርቅም።

ሹሩባውን የተሠራሁት ከመነሣታችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብዬ ነው፤ አዲስ ሹሩባ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ራስን ስለሚይዝ፣ ያንን ሕመም ከመኪናው መንገጫገጭ ጋር ደርቤ መቀበል አልፈለግሁም። ሠሪዋ ቀጫጭን አድርጋ በቅጥያ ብትሠራልኝ ሁለት ወር ሙሉ እንደማልነካው አስረዳችኝ። እኔ ግን የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ በራሴ ፀጉር ብቻ የሚሠራ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት በቀጥታ የሚወርድ ሹሩባ እንዲሆን፣ በተለይም ግንባሬና ጆሮ ግንዴ አካባቢ እንዳታጠብቀው ለመንኳት። ብዙ ሠሪዎች ማጥበቅን የሙያቸው መለኪያ ያደርጉታል፤ ሆኖም ዘወትር የሚሳብ ፀጉር ከሥሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ በግንባር ዳር የሚወጡት ትናንሽ ብጉሮችም የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ናቸው። ቅንድብን እንደ ልብ ማንሣት የማያስችል ሹሩባ ለሠርግ ማታ ይሆን ይሆናል፤ ለረጅም መንገድ ግን አይሆንም። 150 ብር ከፍዬ፣ ትንሽ የተኮራረፍን መስለን ተለያየን።

ከተጓዦቹ አንዷ በረጅም ቅጥያ ተሠርታ፣ ሌላዋ ፀጉሯን በፔስትራ አስተኝታ ከኋላ በላስቲክ አስራ መጥታለች፤ ከወንዶቹ መካከል ደግሞ ትከሻው ላይ የሚወርድ ድሬድ ያለው አንድ ልጅ ነበር። እነዚህ ሦስቱ ባይኖሩ ኖሮ የእኔን አሠራር የማመዛዝንበት ነገር አይኖረኝም ነበር። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ያለውን መንገድ ተኝቼ አለፍኩት፤ መተኛት የቻልኩትም የሹሩባውን ጫፎች ማጅራቴ ላይ ሁለት ቦታ ከፍዬ ዝቅ አድርጌ ስላሰርኳቸው ነው። መሐል አናት ወይም ከኋላ አንድ ላይ የተቋጠረ ፀጉር የመኪናውን ወንበር ትራስ እየተጫነ አንገትን ወደ ፊት ይገፋል፤ ባለ ላስቲኳ ጓደኛችን ለዚህ ስትል ፀጉሯን በየሰዓቱ ፈትታ ታስር ስለነበር ሰመራ ስንደርስ ጸጉሯ ተቋጥሮ ለሚዶ እምቢ ብሎ ነበር።

አፍዴራ ሐይቅ ውስጥ መዋኘት ደስ ይላል፤ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ሰው ሳይታገል ይንሳፈፋል። ጨው ግን ሲደርቅ በፀጉር መካከል ደቃቅ ጠጠር ሆኖ ይቀራል፤ ሹሩባ ውስጥ ከገባ ደግሞ ራስ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፀጉሩን ይፍቀዋል። ስለዚህ ሹሩባዬን አናቴ ላይ ጠቅልዬ በሻሽ አሰርኩና ከአንገቴ በታች ብቻ ገባሁ፤ ሌሎቹ ሳቁብኝ። በዳርቻው በሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ሁሉም ተለቃለቁ፤ የድሬዱ ልጅና ባለ ቅጥያዋ ግን ማታም አልደረቁም፤ በማግስቱም ከውስጥ ርጥብ ነበሩ። ወፍራም ድሬድና ሰው ሠራሽ ቅጥያ ውሃውን ይዘው ሲቆዩ፣ በዚያ ላይ ሻሽ ሲታሰርባቸው፣ የሻገተ ጨርቅ ሽታ ያመጣሉ። መኪናው ጠባብ ነበር፤ ከዚህ በላይ አልልም።

የኤርታሌን እሳተ ገሞራ በሌሊት ወጣነው። ጫፉ ላይ ያደርነው በስስ ፍራሽ፣ ጣሪያ በሌለበት ሲሆን፣ ነፋሱ የድኙን ጭስ ወደ እኛ ባዞረ ቁጥር ሁላችንም እናስላለን። ከሁሉ የከፋው ሌሊት ግን ሐመድ ኢላ በተባለችው የአፋር መንደር ያሳለፍነው ነው። አልጋዎቹ ሜዳ ላይ የተደረደሩ የጠፍር አልጋዎች ናቸው፤ ሙቀቱ ሌሊትም አይበርድም፤ እኩለ ሌሊት ላይ የተነሣው ትኩስ ነፋስ ደግሞ አሸዋውን እያፈሰ እስኪነጋ ገረፈን። አዲስ አበባ ሳለሁ ጎረቤቴ ማታ ሬዲዮ ሲከፍት እንቅልፍ አጥቼ የማጉረመርም ሰው ነኝና፣ በዚያ ሌሊት ያንን ሬዲዮ ናፈቅሁት።

የአሠራሩን ዕድሜ የሚወስነው እንዲህ ያለው ሌሊት ነው። ሹሩባን የሚያሻክረውና የሚፈታው የቀኑ ጉዞ ሳይሆን ሌሊት ራስ ሲገላበጥ ከትራሱ ጋር የሚፈጠረው መፋተግ ነው። የጥጥ ጨርቅ ፀጉሩን ይይዘዋል፤ የፀጉሩን ወዝም ይመጠዋል፤ ለስላሳ የሳቲን ሻሽ ግን ፀጉር ላይ ይንሸራተታል። የድሮ ሰዎች ለዚህ ብርኩማ ነበራቸው፤ ከእንጨት የተፈለፈለው ብርኩማ አንገት ሥር ስለሚገባ፣ የተሠራው ፀጉር ምንም ሳይነካ ያድራል። እኔ በብርኩማ ላይ መተኛት ባልችልም፣ ሁለት የሳቲን ሻሾች ይዤ አንዱን ለማታ፣ ሌላውን ለቀኑ አቧራ አድርጌያቸው ነበር። የቀኑን ሻሽ ማታ ማሰር ቀን የሰበሰበውን አቧራ ሌሊቱን ሙሉ ራስ ላይ እንደ ማሸት ስለሆነ፣ ሁለቱን መለየት ከምንም በላይ ጠቅሞኛል። በነጋታው ያገኘናቸው የአፋር ወጣቶች ፀጉራቸውን በቅቤ አርሰው ጥቅልል አድርገውታል፤ ቅቤው ከፀሐዩና ከድርቀቱ ይጠብቃቸዋል። ባለ ፔስትራዋ ይህን አይታ ከአንዱ ልጅ ጋር በምልክት ተግባብታ ትንሽ ተቀባች፤ ነገር ግን ፀጉሯ ተፈትቶ የተለቀቀ ስለነበር እስከ ዳሎል ድረስ ያለውን አቧራ ሁሉ ሰበሰበ። ቅቤም ሆነ ዘይት ለመንገድ የሚበጀው ተሠርቶ በተሸፈነ ፀጉር ላይ ነው።

መቀሌ ስንደርስ ሆቴሉ ውሃ አልነበረውም፤ ወይም እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ልጅ እንዳለው «ማታ ይመጣል»። ማታም አልመጣም፤ ሂሳቡ ግን አልቀነሰም። ያን ቀን ራሴን የታጠብኩት በሃይላንድ ውሃ ነው። ክዳኑን በመርፌ በሳስቼ፣ ሻምፑውን ውስጡ በጥብጬ፣ በሹሩባዎቹ መካከል ባለው የራስ ቆዳ መስመር ላይ ብቻ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግሁ አፈሰስኩት፤ በጣቴ ጫፍ በቀስታ አሸሁት፤ በሁለተኛው ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ አለቀለቅሁት። ሹሩባው ራሱ እምብዛም ሳይረጥብ የራስ ቆዳዬ ጸዳ። ርጥብ ፀጉር ከደረቀው ይልቅ ይሳባል፣ ይበጠሳልም፤ ደግሞም ሹሩባን በሙሉ ደጋግሞ ማጠብ ቶሎ ያሻክረዋል። ፎረፎር የሚያስቸግረው ሰው ይህችን ጠርሙስ በየሳምንቱ ቢጠቀምባት ብዙ ማከክ ይቀርለታል።

ገርዓልታ ላይ ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው በባዶ እግር ነው። በገደሉ ፊት እጅና እግር ድንጋዩን ይዘው ሳለ ፀጉር ዐይን ላይ ቢወርድ የሚያነሣበት ሦስተኛ እጅ የለም። ባለ ቅጥያዋ ጓደኛችን ክብደቱን ለመቀነስ አናቷ ላይ ከምራው ስለነበር ነጠላዋ እየተንሸራተተ ደጋግሞ ወደቀባት፤ ካህኑም ደጋግመው ወደ እርሷ ተመለከቱ። ዝቅ ብሎ የታሰረ ፀጉር ነጠላን አይገፋም፤ ቤተ ክርስቲያን ለሚበዛበት መንገድ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከወረድን በኋላ ከግርጌው ያለች አንዲት እናት ቤታቸው ደጅ ላይ ጥላ ሥር እንድንቀመጥ ፈቀዱልን። እሳቸው ራሳቸው አልባሶ የሚባለውን የትግራይ ሹሩባ ተሠርተዋል። የእኔ የግንባር ሹሩባዎች በላብና በሻሹ ተነጫጭረው ነበርና፣ ሲያዩኝ ቆይተው «ጓለይ» (ልጄ) ብለው ጠሩኝና ከጉልበታቸው ሥር አስቀመጡኝ። ሁሉንም ሊፈቱት መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ እሳቸው ግን የግንባሩን መደዳና በጆሮዬ ጀርባ ያሉትን ብቻ ፈትተው፣ በለጋ ቅቤ አለስልሰው እንደገና ጎነጎኗቸው። ሾፌራችን እንደተረጎመልኝ፣ የፊተኛው ፀጉር ስስና አጭር ስለሆነ ቀድሞ ያረጃል፤ እርሱን ብቻ ያደሰ ሰው የቀረውን ሌላ ሁለት ሳምንት ያቆየዋል። ይህን ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ነግሮኝ አያውቅም፤ እዚያ ትንሽ ከተነጫጨረ ሁሉም ይፈታል፣ እንደገናም ይከፈላል። «የአዲስ አበባ ሰው ፀጉርን እንደ በሬ ነው እንዴ የሚጠምደው?» ብለውም ሳቁ፤ ላልቶ የተሠራው የእኔ ይህን ካስባለ፣ የሌላውን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ። «አደይ (እናቴ)፣ ይቀበሉኝ» ብዬ ገንዘብ ብዘረጋ እጄን መልሰው አጠፉት፤ በመጨረሻ ከሻንጣዬ ያወጣሁትን ስኳር ወሰዱልኝ።

አክሱም አንድ ማታ ብቻ አድረን በአውሮፕላን ጎንደር ገባንና ወዲያው ወደ ደባርቅ ወጣን። የሰሜን ተራሮች ለፀጉር ያላቸው ችግር ከደናክል ፈጽሞ የተለየ ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አይታወቅም፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ግን የፀሐይ ጨረር እየበረታ ይሄዳል፤ ሹሩባ ደግሞ የራስ ቆዳን በመስመር በመስመር አጋልጦ ይተወዋል። የድሬዱ ልጅ ኮፍያ አላደርግም ብሎ ሳንቃበር ካምፕ ደረሰ፤ ማታ በድሬዶቹ መካከል ያለው ቆዳ ቀልቶ ትራስ መንካት አቃተው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሻሽና በላዩ ባርኔጣ አደርግ ነበር። ሌላው ነገር ከቀትር በኋላ ፀጉርን አለማጠብ ነው፤ ጨነቅ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ስለሚጥል፣ ያልደረቀ ሹሩባ ይዞ ድንኳን መግባት እስከ ንጋት ያንቀጠቅጣል።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ፒያሳ ባለው የዐፄ ቴዎድሮስ ሐውልት አጠገብ ቡና ጠጣን። እኛ በመንገድ ላይ ሳለን፣ በዚያው መጋቢት ወር፣ ለንደን ያለው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የተቆረጠውን ፀጉራቸውን ለኢትዮጵያ መልሶ ነበርና፣ ወሬው ሁሉ ስለዚያ ነበር። በሥዕሎቻቸው ላይ ሹሩባቸው በትልልቁ ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ሲወርድ ይታያል። ዕድሜውን ሙሉ በዘመቻ ያሳለፈ ንጉሥ እንዲህ ያለ አሠራር መያዙ አልገረመኝም፤ ቀጫጭኑን ለመሥራት ግማሽ ቀን መቀመጥ ያስፈልጋል።

ባለ ቅጥያዋ ጓደኛችን እዚያው ከተማ አንድ ፀጉር ቤት ገብታ ቅጥያውን አስፈታች። ፈቺዎቹ ቸኩለው፣ ገና ሳያበጥሩት ውሃ አፈሰሱበት። ተሠርቶ የቆየ ፀጉር ሥሩ ላይ አቧራና የረገፈ ፀጉር ተጠራቅሞ ይይዛል፤ ይህ በደረቁ በጣት ሳይላቀቅ ውሃ ከነካው እንደ ብርድ ልብስ ይተበተባል። የሆነውም ይኸው ነው። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሚዶ ሲታገላት ውሎ፣ ጥቂቱ በመቀስ ተቆርጦ፣ በመጨረሻ የተጠየቀችው 400 ብር ሆነ። አጠገቧ የነበረች የከተማው ልጅ ለተመሳሳይ ሥራ ግማሹን እንኳ ሳትከፍል ስትወጣ በዓይናችን አየን፤ ብንከራከርም የተቀነሰልን 50 ብር ነው።

ስለዚህ የእኔን ለማንም ሳልሰጥ ባሕር ዳር በሆቴሉ በረንዳ ላይ ራሴው ፈታሁት። ከጫፍ ጀምሬ አንዱን ሹሩባ ፈትቼ፣ ሥሩ ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣቴና በጥቂት ዘይት አላቅቄ፣ ከታች ወደ ላይ ካበጠርኩ በኋላ ነው ወደ ቀጣዩ የማልፈው። ከጎኔ የተከመረውን የረገፈ ፀጉር ያየችው የጽዳት ሠራተኛ «ውይ እህቴ፣ ታመሽ ነው?» ብላ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር እንደሚረግፍበት፣ ተሠርቶ የሰነበተ ፀጉር ደግሞ የረገፈውን ሁሉ ይዞ ቆይቶ በአንድ ቀን እንደሚለቀው ነገርኳት፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም። ግንባሬን በመስታወት አየሁት፤ ብጉርም የሳሳ ቦታም አልነበረም። ታጥቤ በፀሐይ እስኪደርቅ ድረስ ቀኑ መሸ፤ በማግስቱ ለአዲስ አበባው መንገድ ላላ አድርጌ ለሁለት ጎነጎንኩት፤ ከዚያ በኋላም የራስ ቆዳዬ እንዲያርፍ ብዬ ለብዙ ሳምንት ሹሩባ ሳልሠራ ቆየሁ።