ሄዶ ያልተመለሰው 12 ሚሊአምፒር

ሰሞኑን ያለ በቂ ምክንያት የሚያስቆጣኝ ነገር በዝቷል፤ ዛሬ ደግሞ የተቆጣሁት በአንድ 30 ሚሊአምፒር አርሲዲ ላይ ነው፤ አርሲዲ ማለት ጅረት ወደ መሬት ሲሾልክ መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው፤ 30 ሚሊአምፒር (ሚሊአምፒር የአምፒር አንድ ሺህኛ ነው) ደግሞ ሳይቆርጥ የማያልፈው የፍሳሽ መጠን ነው። እንደምታውቁት እንጀራዬ የሰው ቤት ሶኬት መለካት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የእንግሊዝ ደንብ አከራዮች የቤታቸውን የኤሌክትሪክ መስመር ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲያስመረምሩ ስለሚያስገድድ፣ ዛሬ ተራው እዚህ ለንደን ሁላችንም እማማ የምንላቸው እናት የተከራዩት ቤት ነበር። የሉፕ ኢምፒዳንስ መለኪያውን፣ ማለትም ብልሽት ሲፈጠር ጅረቱ በመሬት ሽቦ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ስንት ኦም እንደሚቋቋመው የሚለካውን፣ በሰካሁ ቁጥር አርሲዲው ይወርዳል (መስመሩን ይቆርጣል)፤ ፍሪጁ ዝም ይላል፤ እሳቸውም ከወጥ ቤት ሆነው «ልጄ፣ የአዲስ አበባው መብራት ተከትሎህ መጣ እንዴ?» ይሉኛል።

ይህ ልኬት በሁለት ገመድ ሲደረግ ከፌዝ (ጅረቱን ከሚያመጣው ሽቦ) ወደ መሬት ለቅጽበት ከ20 አምፒር በላይ ስለሚልክ፣ በሚሊአምፒር የሚቆጥር መሣሪያ እንዲታገሰው መጠበቅ አይገባም። ስለዚህ አርሲዲ ባለበት መስመር «የማይጥል» የሚባለውን ባለሦስት ገመድ ልኬት እንጠቀማለን፤ እርሱ በመሬት ሽቦው በኩል የሚልከው ጅረት ከ15 ሚሊአምፒር እንዳይበልጥ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ አርሲዲም ከመጠኑ ግማሽ በታች መውረድ የለበትም። ዛሬ ግን የማይጥለውም ጣለ።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ባልደረቦቼ አርሲዲውን መቀየር ይቀናቸዋል፤ እኔ አስቀድሞ ቤቱ ራሱ ምን ያህል እንደሚያፈስስ ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ፌዙንና ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) አንድ ላይ በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦ አቅፎ ጅረት በሚለካው መሣሪያ፣ አቅፌ ሳየው፣ ሄዶ በኒውትራሉ ያልተመለሰው 12 ሚሊአምፒር ነበር። በግርድፉ የእኔ 15 ሲጨመርበት 27 ይሆናል፤ 30 የተጻፈበት አርሲዲ ደግሞ ከ15 በላይ የትም ላይ ቢወርድ አይወቀስም። የእንግሊዙ የሽቦ ዝርጋታ ደረጃ ቢኤስ 7671 እንዲህ ያለው የተጠራቀመ ፍሳሽ ከአርሲዲው መጠን 30 በመቶ፣ ማለትም ከ9 ሚሊአምፒር፣ እንዳይበልጥ ይላል፤ የምንሞላው ቅጽ ግን ለዚህ ቁጥር ዓምድ የለውም፤ ይህ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ላፕቶፑና ልብስ ማጠቢያው የኤሌክትሪክ ሁከትን በሚያጣሩ ካፓሲተሮቻቸው በኩል ጥቂት ጥቂት ያፈስሳሉ፤ አብዛኛው ግን የመጣው እማማ አስሰው ማሞቅ ከጀመሩት የአገር ቤት ምጣድ ነበር። የማሞቂያ ሽቦው የሚተኛው በሸክላው ቦይ ውስጥ ነው፤ ሸክላ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ሳይደርቅ ሲለኮስ ጅረቱን ወደ ብረቱ አካል፣ ከዚያም ወደ መሬት ሽቦው ያሾልከዋል። ሁሉንም ካስነቀልኩ በኋላ ልኬቱ 0.98 ኦም ሰጠኝ። በስሌት የሚመጣው 0.69 ነው፤ ልዩነቱን በአብዛኛው የጨመረው የአርሲዲው የራሱ ጥቅልል ይመስለኛል፤ የመስመሩ ብሬከር (ባለ32 አምፒር፣ ቢ ዓይነት) በብልሽት ጊዜ በፍጥነት እንዲቆርጥ የሚፈቀደው ወሰን 1.37 ኦም ስለሆነ ሁለቱም ያልፋሉ።

በባቡር ስመለስ ሐሳቤ ወደ እናቴ ምጣድ ሄደ። እርሱም ይነዝር ነበር። እናቴ የላስቲክ ጫማ ተጫምታ፣ ጎረቤትም «በባዶ እግርሽ እንዳትነኪው» እያለቻት፣ ለዓመታት ጋገረችበት። አርሲዲ የሚባል ነገር አልነበረንም፤ የሶኬቱ የመሬት ሽቦ ከምን ጋር እንደተያያዘም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እዚህ በመዳብ ሽቦ ሹልክ ብሎ የሚሄደው 12 ሚሊአምፒር፣ እዚያ መውጫ የሚያገኘው ምጣዱን በሚነካው ሰው በኩል ነበር ማለት ነው፤ 10 ሚሊአምፒር አካባቢ ሲደርስ ደግሞ እጅ የጨበጠውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል። እኔ ለአንድ ኦም ክፍልፋይ ስጨነቅ የምውልበት ዑደት፣ በእናቴ በኩል ጅረቱን የሚገታው ዋናው ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) ያ የላስቲክ ጫማ ነበር። ስንት ኦም እንደሚሆን ላሰላ ብዬ የሶሉን ውፍረት ስገምት የምወርድበት ጣቢያ አለፈኝ።

ማታ ደውዬ ያ የመሬት ሽቦ የት እንደሚደርስ ጠየቅኳት። «ግድግዳው ውስጥ ይገባል» አለችኝ፤ ከዚህ የበለጠ መልስ የሚያስፈልገኝም አልመሰላትም። ሶኬቱን ከፍቶ የሚያይልኝ ሰው ልልክ አስቤያለሁ፤ ግን ያ ሰው ሽቦውን በቦታው ታስሮ ቢያገኘው እንኳ፣ መለኪያ ሳይኖረው የወዲያኛው ጫፍ መሬት መንካቱን በምን ያውቃል?