ነገ አመጣዋለሁ

መካኒክ ሁሉ አንድ አመል አለው። ኮፋኖ ከፍቶ ገና ምኑንም ሳይነካ «ይህንን ማነው የሠራው?» ይላል። መልስ ፈልጎ አይደለም። ከእሱ በፊት የነካካው ሰው እጁ የማይታመን መሆኑን ለባለ ንብረቱ ማሳወቂያ ነው፤ ዋጋውንም ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረጊያ ነው። እኔም በዚህ ጥያቄ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ በልቼበታለሁ። መልስ ያገኘሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጊዜው መጋቢት 2016 ነው። ፒያሳ ለኮሪደር ልማት የሚፈርስበት ሰሞን በመሆኑ እሪ በከንቱ አካባቢ ያለ ሰው አልጋና ቁም ሣጥኑን አይሱዙ ላይ ይጭናል። ከዚያ በፊት ጥር ላይ ደግሞ የነዳጅ መኪና ከእንግዲህ ወደ አገር አይገባም ተብሏል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ደላላው ሁሉ አሮጌ መኪና አነፍናፊ ሆነ። ግቢ በተለቀቀ ቁጥር ከማገዶና ከቆርቆሮ ቁልል ሥር አንዲት መኪና ትወጣለች። ሊብሬ ካላት፣ ሞተሯ ቢደርቅ እንኳ ፈላጊ አታጣም።

ከእነዚህ ደላሎች አንዱ ደወለልኝ። «ቮልስ ናት፤ ጃንሆይን የወሰደችው ራሷ ሳትሆን አትቀርም» አለኝ። ንጉሡን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችውን ቮልስ እኔ እስካሁን አራት ጊዜ አሳይተውኛል። አንዷ የጎን ቁጥር ያላት የማሠልጠኛ መኪና ነበረች። ስለዚህ አልተደነቅኩም፤ ቁልፎቼን ይዤ ሄድኩ።

ሥራውን ያዘዘው ቨርጂኒያ የሚኖር የባለቤቲቱ የእህት ልጅ ነው። ገና ከታክሲ ሳልወርድ በቪዲዮ ደወለ። «ጋሼ፣ አደራ፣ አቧራው እንዳይነካ!» እያለ ይለምነኛል። ልጁ ያነበበው ነገር አለ። በምዕራብ ፈረንሳይ አንድ ቤተሰብ ለአሥርት ዓመታት በየዳሱ ሥር የተዋቸው ስልሳ ያህል መኪናዎች ተገኝተው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ፓሪስ ላይ በጨረታ ተሸጠዋል። በአሮጌ መጽሔት ክምር የተሸፈነች አንዲት ፌራሪ ብቻዋን ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣች። ሳትታጠብ፣ እንደተገኘች ነው የተሸጠችው። ልጁም አቧራ ገንዘብ መሆኑን ከዚያ ተምሯል።

በሩን ያንኳኳሁት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ግቢው ምንም አላስታወሰኝም፤ የኮኩ ዛፍ የለም፣ የእንጨቱ በር በቆርቆሮ ተተክቷል። እማማ በከዘራ ተደግፈው ወጡ። ሰማንያን የተሻገሩ ይመስለኛል፤ ጆሯቸውና ዓይናቸው ግን ንቁ ነው። ሠራተኛዋ ከኋላቸው ባልዲ ይዛ ቆማለች። እንግዳ ይመጣል ሲባል መኪናዋን በኦሞ አጥባት ኖሯል። ስልኩን ወደ መኪናዋ ሳዞር ቨርጂኒያ ያለው ልጅ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«ምነው?» አሉ እማማ።

«አቧራው ይፈለግ ነበር» አልኩ።

«ለምን?»

ይህንን ለማስረዳት ሞከርኩና ተውኩት።

ቮልስ አይደለችም። ሴይቼንቶ ናት፤ ፊያት 600። በሯን ስይዘው መከፈቻው ከፊት፣ ማጠፊያው ከኋላ ነው፤ እንደ ቁም ሣጥን ወደ ኋላ ትከፈታለች። እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተሠሩት እንዲህ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ፊያት በሩን እንደ ሰው በር አደረገው። ሊብሬዋ እ.ኤ.አ. የ1962 ሥሪት ይላል፤ 767 ሲሲ። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያየሁት፤ ገጠመ። ላሜራዋ ከሥር ተበልቷል፤ ፍሬኗ አራቱንም እግር ነክሶ ይዟል፤ የወንበሯን ሙሌት አይጥ ጎጆ ሠርቶበታል። በዕድሜያችን ገፋ ያልነው እናውቃታለን። ወገቧን ሰማያዊ፣ አናቷን ነጭ ተቀብታ ይህችን ከተማ ስታመላልስ የኖረች ታክሲ ናት። ይህቺኛዋ ግን የቤት ልጅ ነበረች፤ ቀለሟ የወተት።

ሞተሯ ከኋላ ነው። ጋራዡ ጠባብ ስለሆነ በአንድ ጎን ብቻ ነው መግባት የሚቻለው፤ እኔ ግራኝ ነኝና እንዲህ ያለ ጥግ አያስቸግረኝም። ኮፋኖውን አነሳሁ። ዲናሞው አለ። ራዲያተሩ አለ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅልላት ካርቡራቶር ግን የለም። በቦታው የጨርቅ ውታፍ አለ፤ በመዳብ ሽቦ ዙሪያውን ታስሯል።

አመሌ መጣ።

«ይህንን ማነው የሠራው?» አልኩ። ቪዲዮው ገና አልተዘጋም፤ ልጁ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። «የሰው መኪና ሆድ ከፍቶ ካርቡራቶር ነቅሎ የሚሄድ ምን ዓይነት መካኒክ ነው? ይኸው እኮ ነው መኪናዋን የገደላት! እንዲህ ያለውን ሰው ነበር መክሰስ!»

እማማ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አንድ ልጅ ነው» አሉ። «ባለቤቴ ከጎተራ ጋራዥ ያመጣው። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ቢሆነው ነው። መኪናዋ ስትነሣ ታንቃት ነበርና፣ ይህንን ነገር ፈትቶ፣ ‹ታጥቦ ይመለሳል፤ ነገ አመጣዋለሁ እማማ› ብሎኝ ወጣ። ግንቦት 1983 ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ነገ አልሆነም።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም።

«ምሳም በልቷል። ሽሮ ነበር። በግራ እጁ ነበር ቁልፉን የሚያዞረው፤ ሲበላ ግን በቀኙ ነው፤ ማን እንደ ቀጣው እንጃ።»

ስልኩን ዘጋሁት። ለምን እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ኔትወርኩም ደካማ ነበር። ከዚያ አፌን ምን እንዳስከፈተው እንጃ፣ ውታፉን እየነካካሁ «ጨርቁን ግን በደንብ ነው የወተፈው» አልኩ። እውነቴን ነው። ጨርቁ በዘይት ተነክሯል፤ የሽቦው ጫፍ እጅ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል። አቧራም አይጥም አላስገባም። «ይህ ልጅ የሚያውቅ ነው።»

«ወታፊ ነው» አሉ እማማ። «መላሽ አይደለም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ማድረግ አለብኝ። ያ ልጅ እኔ አይደለሁም። እርግጥ በዚያን ጊዜ ጎተራ አካባቢ ባለ አንድ ጋራዥ ረዳት ነበርኩ። ግን ሁለት ነበርን። ሁለተኛው ዛሬ የራሱ ጋራዥ አለው። አራት ሊፍት ተክሎ፣ ግድግዳው ላይ በመስተዋት የታቀፈ ሰርተፍኬት ሰቅሎ፣ ደንበኛን ቡና እየጋበዘ ያስከፍላል። ስሙን መጥራት አልፈልግም። ያኔ ካንዴላ እንኳ በቀኝ እጁ በቅጡ መፍታት የማይችል ልጅ ነበር። እሱ ይሆናል እንጂ ሌላ ማን ይሆናል?

ደግሞስ ማንም ይሁን ማን፣ በዚያ ሰሞን «ነገ» የሚባል ነገር የማን ነበር? ግንቦት 20 ከተማው ተያዘ። ግንቦት 27 ንፋስ ስልክ ያለው የጥይት መጋዘን ፈነዳና የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ። የእኛም ጋራዥ ጣሪያ በላያችን ሊወድቅ ምንም አልቀረው። መደርደሪያው ተገልብጦ፣ በወተት ጣሳ ቤንዚን ውስጥ የተዘፈዘፈው ያ ዌበር ካርቡራቶር ከነጣሳው የት እንደገባ አልታወቀም። አለቃችን ጋራዡን ዘግቶ አገሩ ገባ። ይህንን የምለው ያ ልጅ በወቅቱ ስለነገረኝ ነው።

እማማ እንዳሉት ባለቤታቸው እዚያ ድረስ ሄደው ያገኙት የተጣመመ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ሌላ መካኒክ ይምጣ ሲባሉ «ልጁ ይመጣል፤ ዓይኑ የሌባ አይደለም» ይሉ ነበር። በዓመቱ ታመሙ። ከዚያ በጋራዡ በር ላይ ማገዶ ተደረደረ፣ በማገዶው ላይ የተሰበረ አልጋ፣ በአልጋው ላይ ሌላ ማገዶ። መኪና የሚረሳው እንዲህ ነው፤ ማንም ሊረሳው አስቦ አያውቅም።

እማማ ወደ ቤት ሲገቡ ሥራዬን ጀመርኩ። ለረጅም ዘመን የቆመን ሞተር ባትሪ አስሮ በሞተሪኖ ለማስነሣት የሚሮጥ ሰው ፋሻውንም (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደሩንም ይዞ ይሄዳል። አራቱን ካንዴላ ፈታሁ፤ በየቀዳዳው ዘይትና ናፍጣ ቀላቅዬ ጨመርኩና ተውኩት። ሰርባቶዮው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ቤንዚንነቱን ትቶ እንደ ሙጫ ሆኗል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር እጄን ስልክ የድሮ የቤንዚን ኩፖን አገኘሁ፤ በጀርባው በእርሳስ የጋራዡ አድራሻ ተጽፎበታል። ጽሑፉ ወደ ግራ ያጋደለ ቢሆንም ይነበባል፤ እንዲያውም ያምራል። እንዳይጠፋ ብዬ ኪሴ ከተትኩት።

በአራተኛው ቀን ተመልሼ ፑሌጃውን በቁልፍ ያዝኩና ቀስ ብዬ ገፋሁት። መጀመሪያ እንቢ አለ። ከዚያ ሩብ ዙር ሄደ። ከዚያ እንደ ቡና ወፍጮ እያጉረመረመ ዙሩን ጨረሰ። ለሠላሳ ሦስት ዓመት የቆመ ሞተር በእጅ ሲዞር የሚሰጠውን ደስታ ለባለሙያ መንገር አያስፈልግም፤ ላልሆነ ሰው ደግሞ ቢነገረውም አይገባውም። ያ ውታፍ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር። ይህንንም ለእማማ ነገርኳቸው። «እሰይ» አሉ፤ «ካርቡራቶሩስ?»

የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞርኩ። «የሴይቼንቶ ካርቡራቶር» ስል ሽማግሌዎቹ ፈገግ ይላሉ፤ ወጣቶቹ ሴይቼንቶ ምንድን ናት ይላሉ። የላዳ አወጡልኝ። የላዳው ባለ ሁለት አፍ ነው፤ የእሷ ባለ አንድ። ለልጁ ስልክ ደውዬ ቁርጡን ነገርኩት። ጣሊያን ብቻ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሴይቼንቶ ሠርቷል አልኩት።

«ታዲያ ብርቅ አይደለችም ማለት ነው፣ ጋሼ?»

«እዚህ ብርቅ ናት፤ ውድ ግን አይደለችም።»

ለአፍታ ዝም አለና «ታዲያ ለአክስቴ አሠራላት» አለኝ። ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ።

አሁንም ኮፋኖ ስከፍት «ይህንን ማነው የሠራው?» ማለቴን አልተውኩም። ብቻ አስቀድሜ መኪናው ከየት ሠፈር እንደመጣ እጠይቃለሁ።

ግቢው ሊለቀቅ ሁለት ቀን ሲቀረው መኪናዋን ወደ ጋራዤ ልወስድ ክሬን ያለው አይሱዙ ይዤ መጣሁ። እማማ የቀረቻቸው አንዲት ወንበር ላይ፣ ባዶው በረንዳ መሐል ተቀምጠዋል። መኪናዋ ተንጠልጥላ ስትነሣ አላዩዋትም፤ እኔን ነው የሚያዩት።

«መቼ ትመልሳታለህ?»

ምላሴ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩት። «ካርቡራቶሩ እንደተገኘ» አልኩ።

«እንግዲያው ጻፍልኝ።»

ሠራተኛዋ ደብተርና እስክሪብቶ አመጣች። እማማ ቃል በቃል አጻፉኝ፦ አንዲት ፊያት ሴይቼንቶ፣ ቀለሟ የወተት፣ ካርቡራቶር የሌላት፣ በእጄ ተረክቤያለሁ። ቀኑን አስጻፉኝ። ስሜን አስጻፉኝ። ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሣም። እኔም እስክሪብቶውን በቀኝ እጄ እንደያዝኩ በላብ ጨረስኩት፤ ፈረምኩም።

ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ከዚያ አቅርበው አዩት። በአራት አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከተቱትና «የዚያ ልጅ ጽሕፈት እንኳ ከዚህ ይሻል ነበር» አሉኝ።