ሽማግሌዎቹ በሌሊት መጡ

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ፤ ያንን ሌሊት ባሰብኩ ቁጥር እጄ ዛሬም ይንቀጠቀጣል። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ሸሽጌ ብቀር ግን ዕዳ ይሆንብኛልና እንደ ሆነው አድርጌ እናገራለሁ።

እኔና ባለቤቴ ከጡረታ በኋላ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አንጋፋ ሚስዮናውያን ሆነን በባዕድ አገር ለ18 ወር አገልግለናል። ብዙ ሰው "ሞርሞን" ሲባል ትዝ የሚለው ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር የስም መለያ ደረታቸው ላይ አድርገው ሁለት ሁለት እየሆኑ የሚሄዱት ወጣቶች ናቸው። የእኛ የአንጋፋዎቹ ኑሮ ከእነርሱ ይለያል፤ በር እንድናንኳኳ አይጠበቅብንም፣ በማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ተነሡ የሚለንም የለም። ከእነርሱ ጋር የሚያመሳስለን ከቤታችን ርቀን፣ ያለ ደመወዝ መሥራታችን ነው። ውሏችን ትንሿን ቅርንጫፍ፣ ማለትም የአካባቢውን አነስተኛ ጉባኤ መደገፍ፣ የአባላትን መዝገብ ማስተካከል፣ ልጆችን በኪቦርድ መዝሙር ማለማመድ፣ የታመመ መጠየቅና የወጣቶቹን ሚስዮናውያን ቤት እየዞሩ መፈተሽ ነበር። እኔ 34 ዓመት በነርስነት ስለ ሠራሁ፣ ሆዱን የቆረጠው ሚስዮናዊ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው።

በሚስዮን ደንብ እያንዳንዱ ሚስዮናዊ አብሮት የሚውል ጓደኛ ይመደብለታል፤ ለአንጋፋ ጥንዶች ጓደኛቸው የትዳር አጋራቸው ነው። እኛ ደግሞ 41 ዓመት ሙሉ ጠዋት ተለያይተን ማታ የምንገናኝ ባልና ሚስት ስለነበርን፣ ቀኑን ሙሉ አብሮ መዋልን የተማርነው በስተርጅና ነው። በመጀመሪያው ወር ከሰይጣን ይልቅ የባለቤቴ የመኪና አነዳድ ፈተነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤተ ክርስቲያናችን የመልከ ጼዴቅ ክህነት የሚባለውን ከፍተኛውን ክህነት የተቀበለ ወንድ ሚስዮናዊ፣ ገና 18 ዓመቱ ቢሆን እንኳ፣ "ሽማግሌ" ተብሎ ይጠራል። ፀጉሩ የሸበተው ባለቤቴም ሽማግሌ ነው፣ ጢም ያላበቀለው ልጅም ሽማግሌ ነው። ይህ ነገር ያስቀኝ ነበር። ከዚያ ሌሊት ሁለት ሳምንት በፊት ግን አላሳቀኝም፤ በሰፈራችን ያሉትን የሁለቱን ወጣት ሽማግሌዎች ቤት ልንፈትሽ ሄደን የጢስ ማስጠንቀቂያውንና የውኃ ማጣሪያውን ካየሁ በኋላ፣ ጎንበስ ብዬ የዕቃ ማጠቢያውን ቁም ሣጥን ስከፍተው ሻጋታ ያወጣ ድስት በክዳኑ ተከድኖ ተደብቆ አገኘሁ። ቆጣሁ። በቅጹ ላይም በትልልቅ ፊደል ጻፍኩት። ከሁለቱ በቁመት አነስ የሚለው፣ ወደምናገለግልበት አገር ከገባ ሦስት ሳምንት ያልሞላው ልጅ፣ ጆሮው ቀልቶ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። እየወጣሁ በልቤ "ጌታ ሆይ፣ ሥራህን አደራ የሰጠኸው ለእነዚህ ነው?" አልኩ።

ይህን ያልኩት ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ሳለሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ ጥሪያችንን ተቀብለን ወጥተን ነበር። ቤታችንን አከራይተን፣ ዕቃችንን በካርቶን አሽገን ሄድን፤ ሰባት ሳምንት እንዳገለገልን በመጋቢት ወረርሽኙ ዓለምን ሲያዳርስ ወደ አገራችን እንድንመለስ ተነገረን። የራሳችን ቤት በተከራይ እጅ ስለነበረ በልጃችን ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ተጠጋን። በዚያው ዓመት፣ ለሚስዮን እንድሄድ ከማንም በላይ ስትጸልይልኝ የነበረች ታላቅ እህቴ በዚያ በሽታ አረፈች፤ አልጋዋ አጠገብ መቆም አልተፈቀደልኝም። የስንቱን ዓይን በእጄ ከድኜ የእህቴን ሳልከድን ቀረሁ። "ላገልግልህ ብዬ ወጣሁ፣ አንተ መለስከኝ፤ እህቴን ላስታምም ብዬ ቆምኩ፣ አንተ በሩን ዘጋህብኝ" አልኩት። ከዚያ ወዲያ በሰው ፊት እጸልያለሁ፣ ብቻዬን ግን አልንበረከክም። ሁለተኛው ጥሪ መጥቶ እንደገና ስንወጣም ይህንን ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም።

ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ሐሙስ ነበር፤ መብራት ከምሽት ጀምሮ ጠፍቷል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ያነቃኝ ድምፅ አልነበረም፤ ጎኔ ባዶ ሆኖብኝ ነው የነቃሁት። የስልኬን መብራት ይዤ ስወጣ ባለቤቴ ወጥ ቤት ወንበር ላይ፣ ሁለቱን ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። "ምን ሆንክ?" ስለው "ቃር ነው፣ ተመልሰሽ ተኚ" አለኝ። ግንባሩን ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነበር፤ የሌሊት ልብሱ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ የግራ እጁን ጣቶች ሳያውቀው ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ይህን ላብ አውቀዋለሁ። በሌላ ሰው ባል ላይ ሳየው እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ይሠራ ነበር፤ በራሴ ባል ላይ ሳየው ግን አስፕሪኑን ያስቀመጥኩበት መሳቢያ ጠፋኝ።

አገኘሁትና እንዲያኝከው ሰጠሁት። የድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። መኪናችን ከሁለት ቀን በፊት ጥገና ገብታለች። የሚስዮኑ ጽሕፈት ቤት ከእኛ ከተማ የአምስት ሰዓት መንገድ ይርቃል። ሚስዮናውያንን በስልክ የሚያማክሩ፣ እንደ እኛ ከጡረታ በኋላ የተጠሩ አንድ ሐኪም አሉ፤ ከእንቅልፋቸው ቀስቅሻቸው ምልክቶቹን ስነግራቸው፣ በእርጋታ "እህቴ፣ ልብ ነው፤ አሁኑኑ ይዘሽው ውጪ፤ ደረጃውን ግን በእግሩ እንዳይወርድ" አሉኝ። ከሐኪም ቤት እስክንደርስ ድረስ ስልኩን ያልዘጉት እኚህ ሰው እግዚአብሔር ዕድሜያቸውን ያርዝመው። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰርም የለውም። የአንድ ወንድ ክብደት ብቻዬን ማውረድ አልችልም። በዚያች ከተማ በዚያ ሰዓት ልደውልለት የምችለው ማን አለ? ድስቱን የደበቁት ልጆች።

ስልኩን ያነሣው ትንሹ ነበር። ከሁለት መንገድ ማዶ እየሮጡ መጡ፤ ባትሪዬን ሳበራባቸው ትንሹ ሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል፣ ሱሪው የሌሊት ልብስ ነው፣ አንድ እግሩ ላይ ካልሲ አለ፣ ሌላው ላይ የለም፤ ደረቱ ላይ ግን የስም መለያው ቀጥ ብሎ ተሰክቷል። የሕንጻው ጠባቂ ከታች ያለችውን ጎረቤታችንን በር እያንኳኳ ነበር፤ እርሷ የእኛ እምነት ተከታይ አይደለችም፣ ከሰላምታ ያለፈ ትውውቅም አልነበረንም፤ የጭነት መኪናዋን ልታስነሣ ባዶ እግሯን ወረደች።

መኪናው እስኪቀርብ ባለቤቴ ቁልፉን ጠቆመ። ከቁልፉ መያዣ ላይ ጣት የምታህል የተቀደሰ ዘይት ብልቃጥ ተንጠልጥላለች፤ በእርሷ ስንቱን ታማሚ ቀብቷል! ክህነት ለራስ አይሆንምና "በረከት ስጡኝ" አላቸው። ነርሷ እኔ ጊዜ የለንም ብዬ ልጮህ ነበር፤ የያዕቆብ መልእክት ግን ሳልጠራው ጆሮዬ ውስጥ ተናገረ፦ "ከእናንተ የታመመ ማንም ቢኖር የቤተ ክርስቲያንን ሽማግሌዎች ወደ እርሱ ይጥራ"። ጠርቻቸዋለሁ እኮ። እነሆ መጥተዋል፤ አንዱ 19፣ አንዱ 20 ዓመታቸው ነው።

የብልቃጡ ክዳን እምቢ አለ፤ ረዥሙ ልጅ በጥርሱ ከፈተው። አንድ ጠብታ በቂ ሳለ እጁ ተንቀጥቅጦ ያለው ሁሉ ፈሰሰ፤ ዘይቱ በባለቤቴ ጆሮ ኋላ ወርዶ አንገቱ ድረስ ደረሰና በእጅጌዬ ጠረግሁት። ከዚያም ሁለቱም እጃቸውን ራሱ ላይ ጭነው ቅባቱን የማጽናቱ፣ ማለትም በረከቱን የመናገሩ ተራ የትንሹ ሆነ። ስሙን ጠራ፤ በክህነቱ ሥልጣን አለና ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። ከታች የመኪናው ሞተር ይሰማል። ከቅዱሳት መጻሕፍታችን አንዱ በሆነው በትምህርትና ቃል ኪዳኖች ክፍል 42 ለመፈወስ እምነት ያለውና ለሞት ያልተቀጠረ ይፈወሳል የሚል ቃል አለ፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ የሰማሁት "ለሞት ያልተቀጠረ" የምትለዋን ብቻ ነበር። በሉት እንጂ፣ ይድናል በሉት እንጂ እያልኩ የልጁን አፍ አያለሁ።

በመጨረሻ በቀስታ እንዲህ አለ፦ "በሰማይ ያለው አባትዎ ያውቅዎታል። ባለቤትዎም በዚህ ሌሊት ብቻቸውን አይሆኑም።" አሜን ብሎ እጁን አነሣ። ይኸው ነው። ይድናሉ አላለም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያች ቅጽበት ያንን ልጅ ጠላሁት።

ባለቤቴን ከነወንበሩ ተሸክመው ሦስቱን ፎቅ አወረዱት፤ እያንዳንዱን ደረጃ "አንድ፣ ሁለት" እያሉ ቆጠሩ። ሐኪም ቤቱ ስንደርስ ተረኛዋ ሐኪም የልብ ምት መመዝገቢያውን ወረቀት ከእኔ ጋር እኩል አየችው፤ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጠችውና በሩ ተዘጋብኝ። እንደገና የተዘጋ በር! በኮሪደሩ ጥግ፣ ዘይት በነካው እጅጌዬ ፊቴን ሸፍኜ፣ ከእህቴ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ተንበረከክሁ። ያማረ ጸሎት አልነበረም። "ስለ እህቴ ተቆጥቼሃለሁ፤ አሁንም አልበረደልኝም። ይህን ሰው ግን ተውልኝ" ነው ያልኩት። የቤተ ክርስቲያናችን የጥንት አቅኚዎች የአሜሪካን ሜዳ ሲያቋርጡ ይዘምሩት የነበረው መዝሙር መጣብኝ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ አቆምኩት፣ አራተኛው ከመንገዱ ፍጻሜ በፊት ስለሚሞቱት ነውና አልደፈርኩም። ከኋላዬ ግን አንድ ድምፅ ያቋረጥኩትን ተቀብሎ፣ በለሆሳስ፣ እስከ መጨረሻው ዘመረው። ትንሹ ልጅ ነበር።

ብቻዬን እንዳልነበርኩ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጎረቤቴ አልሄደችም፤ ነጠላዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ጠባቂው የለቅሶ ቤት ያህል በጸጥታ በሩ ላይ ቆሟል። የቅርንጫፉ ፕሬዚዳንት ከነሚስቱ ደረሱ፤ የሴቶች መረዳጃ ማኅበር እህቶች በጨለማ በእግር መጡ። ሲነጋ ቆጠርኩ፤ በዚያ ኮሪደር ስለ እኛ ሲሉ እንቅልፋቸውን ያጡ 11 ሰዎች ነበሩ። "እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም።" ከንጋቱ 12 ሰዓት በኋላ ሐኪሟ ወጣችና "ሕመሙ ለቀቀው፤ ይጠይቅሻል" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ወደ ትልቁ ከተማ ተወስዶ የተዘጋው የደም ሥር ተከፈተለት፣ ሰባት ሳምንት አረፈ፣ ሐኪሞቹም የሚስዮኑ ፕሬዚዳንትም ፈቅደውልን የቀረንን ጊዜ ጨረስን።

ትንሹን ልጅ ስለዚያ ዝምታ የጠየቅኩት፣ ወደ ሌላ ከተማ ሊዛወር ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ጆሮው እንደገና ቀላ። "ፊትዎን አየሁ፤ ይድናሉ ልበል ብዬ አፌን ሁለት ጊዜ ከፈትኩ፣ ቃሉ አልመጣልኝም። ያልተሰጠኝን ከራሴ ልናገር ፈራሁ። የመጣልኝ ስለ እርስዎ ነበር፤ የታመሙት ግን እሳቸው ስለሆኑ ተሳስቼ ይሆን ብዬ ዘገየሁ" አለኝ። ለሦስት ዓመት የተሸከምኩትን፣ ለባሌ እንኳ ያልነገርኩትን፣ ያ ልጅ ከየት ሊያውቅ ይችላል? እህቴ የሞተችው ብቻዋን ነበር፤ እኔም ያዘንኩት ብቻዬን ነበር።

ባለቤቴም ባዶዋን ብልቃጥ አጥቦ ለልጁ ሰጠው፤ ልጁ አዲስ ዘይት ቀድሶ ሞልቶ መለሰለት። በዚያው ቀን የቤት ፍተሻቸው ነበር። የጢስ ማስጠንቀቂያው ይሠራል፣ ማጣሪያው ተቀይሯል፣ ወለሉ ተወልውሏል። ጎንበስ ብዬ የዕቃ ማጠቢያውን ቁም ሣጥን ስከፍተው ያው ድስት በክዳኑ ተከድኖ ተቀምጧል። በሩን ዘጋሁት፤ በቅጹ ላይም አልጻፍኩትም።