«ግዙፍ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ ደግሞ 43 ሜትር ነው። በምረቃው ሰሞን እዚህ ባሕር ዳር በሬዲዮም፣ በባጃጅም፣ በቡና ቤትም ደጋግሜ የሰማሁት ቃል «ግዙፍ» የሚለው ነበር። ቃሉ ለድልድዩ አይገባውም ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው ቃል ስለ ሆነና የቀደመ ትርጉሙ ከአፋችን እየራቀ መሄዱ ስለሚቆጨኝ ነው።

«ግዙፍ» ከግእዝ የወረስነው ቃል ሲሆን ሥሩ «ገዘፈ» ነው፤ ይኸውም ወፈረ፣ ደነደነ፣ ከበደ ማለት ነው። ዛሬ ቁመቱም፣ ርዝመቱም፣ በጀቱም የበዛውን ሁሉ «ግዙፍ» እንላለን እንጂ፣ ቃሉ በመነሻው የሚናገረው ስለ ውፍረት ነበር፤ ከዚያም አልፎ አካል ያለው፣ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር ሁሉ መጠሪያ ሆነ። በዚህ አገባቡ ተቃራኒው «ትንሽ» ሳይሆን «ረቂቅ» ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት መላእክትና ነፍስ ረቂቃን ሲባሉ፣ ሥጋ፣ ድንጋይና ዛፍ ግዙፋን ይባላሉ።

ይህን የተረዳሁት ልጅ ሳለሁ ዘጌ ላይ ነው። የኔታ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «ግዙፍ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁን፣ እኔ ከሁሉ ቀድሜ በደጁ የቆመውን ዋርካ በጣቴ አሳየሁ። «እሱስ ግዙፍ ነው» አሉና ከፊታቸው ከተሰጣው ጀንፈል አንዲት የቡና ፍሬ አንሥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ጣቶቼንም በእጃቸው አጥፈው «ይህችስ?» አሉኝ። የደረቀው ቅርፊት መዳፌን እየቆረቆረኝ ዝም አልሁ። «ጨበጥሃት አይደለም? እንግዲያው እሷም ግዙፍ ናት። ሰማይና ምድርን የሚመላለሰው መልአክ ግን ረቂቅ ነው፤ አትጨብጠውም።»

የቀደመው ትርጉም ፈጽሞ አልጠፋም። አንድ ሐሳብ ከሰው ልብ ወጥቶ በዓይን የሚታይ ሲሆን «ግዘፍ ነሣ» እንላለን፤ አካል ያዘ ማለታችን ነው። ድልድዩም ቢሆን በወረቀት ላይ ንድፍ ሆኖ ቆይቶ ግዘፍ ነሥቷል ቢባል፣ ስለ መጠኑ ሳይሆን ስለ መኖሩ የተነገረ ይሆናል። ይህ አነጋገር ከ«ግዙፍ ፕሮጀክት» ይልቅ ለእኔ የጠለቀ ነው።

ሌሎቹ የትልቅነት ቃሎቻችንም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። «ትልቅ»ና «ታላቅ» አደገ፣ በዕድሜ ገፋ ከሚለው «ልህቀ» የመጡ ናቸው፤ «ሊቅ»ም የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ስለዚህ ታላቅ ወንድም በቁመት ቢያጥርም ታላቅነቱ አይነካም። መጽሐፈ ሄኖክ ቁመታቸው 3,000 ክንድ ነበር የሚላቸው ፍጡራን ደግሞ «ረዓይት» የሚል የራሳቸው ስም አላቸው።

በደጃችን የሚፈሰው ወንዝ ስምም ከዚሁ ወገን ነው። በግእዝ ለወንድ «ዐቢይ»፣ ለሴት «ዐባይ» ይባላል፤ ታላቋ ማለት ነው። «ዐቢይ ጾም» ስንል የምናገኘው ቃል ራሱ ነው። በአልፋው «አ» የሚጻፈው «አባይ» ግን «አበለ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ዋሾ ማለት ነው። አማርኛ ሁለቱን ድምፆች አንድ አድርጎ ስለሚያነብባቸው ብዙ ሰው ልዩነቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ እኔ ግን በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ታላቋ ወንዝ በዋሾ ፊደል ተጽፋ ሳይ ከልቤ አዝናለሁ። ከሰከላ ተነሥቶ ጣና የሚገባውን ወንዝ «ግልገል ዓባይ» ያሉት ሰዎች ምን ያህል ቃል አዋቂ እንደ ነበሩ አስቡት፤ ታላቅነትን ከነግልገሏ ነው የሰየሟት።

ጣና ራሱስ? ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቀ በሚባልበት ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በደንገል ታንኳ የሚመላለሱ ሰዎች ስለ ሐይቁ ሲናገሩ «ሰፊ ነው» ይላሉ እንጂ «ግዙፍ ነው» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ በሜዳ ላይ እንደ ተዘረጋ ስስ ሸማ ያለ ውኃ ነውና ልክ ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በፊት በጻፍሁት ጽሑፍ ላይ «ግዙፉ ጣና» ያልሁትን ትናንት ማታ «ሰፊው ጣና» ብዬ አርሜዋለሁ።