ኦፕ አምፕን በ5 ቮልት ብቻ ስናሠራ

ስለ ኦፕሬሽናል አምፕሊፋየር (በአጭሩ ኦፕ አምፕ፣ የኤሌክትሪክ ምልክትን የሚያጎላ ቺፕ) በክፍል የምንማረው ስሌት መውጫው የተፈለገውን ቮልቴጅ ሁሉ መስጠት ይችላል ከሚል ግምት ስለሚነሣ፣ ቺፑን በ5 ቮልት ብቻ የሚያሠራ ሰው ረዚስተር ከመምረጡ በፊት የኃይል ምንጩን ሊመረምር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ተማሪዎች ደጋግመው የሚሠሩትን አንድ ሰርኪዩት እንውሰድ። ኤልኤም35 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ፣ በ100 ዲግሪ የሚያወጣው 1 ቮልት ነው። የሴንሰሩን ቮልቴጅ ወደ ቁጥር የሚቀይረው አርዱዊኖ ኡኖ የተባለ አነስተኛ የኮምፒውተር ቦርድ እስከ 5 ቮልት ስለሚያነብ ምልክቱን 5 እጥፍ ማጉላት ተገቢ ይመስላል፤ ኤልኤም358 በተባለው የተለመደ ኦፕ አምፕ ግን አይሳካም። የዚህ ቺፕ መውጫ ከኃይል ምንጩ በ1.5 ቮልት ገደማ ዝቅ ብሎ ስለሚቆም፣ ጣሪያው 3.5 ቮልት አካባቢ ነው። ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ በሚፈላባት አዲስ አበባ፣ በሚገባ የተሸፈነ ሴንሰር በሚፈላ ውኃ ውስጥ ቢነከር ንባቡ 70 አካባቢ ላይ ተገትሮ ይቀራል። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ በታች ያለው ንባብ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ነው፤ በክፍል ሙቀት ብቻ የተፈተሸ ሰርኪዩት ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም።

በ20 እና በ10 ኪሎ ኦም ረዚስተሮች ማጉላቱን ወደ 3 ዝቅ ማድረግ ወይም እንደ ኤምሲፒ6002 ያለ፣ መውጫው እስከ ምንጩ ጠርዝ ድረስ የሚጠጋ ቺፕ መጠቀም ይቻላል። ኦፕ አምፑን በ12 ቮልት ማሠራትም ጣሪያውን ከፍ ያደርጋል፤ ነገር ግን የሴንሰሩ ሽቦ ቢበላሽ ከ5 ቮልት በላይ ወደ አርዱዊኖው ሊገባ ስለሚችል መከላከያ ያስፈልገዋል።

በማጉላት የማይፈታው ችግር ኦፍሴት፣ ማለትም ኦፕ አምፑ ራሱ በመግቢያው ላይ የሚጨምረው ትንሽ የቮልቴጅ ስህተት ነው። በኤልኤም358 ዳታሺት (የአምራቹ የመረጃ ሰነድ) ላይ የተለመደው ኦፍሴት 2 ሚሊቮልት፣ ከፍተኛው ደግሞ 7 ሚሊቮልት ሲሆን፣ ይህ በሴንሰራችን ሚዛን ከ0.2 እስከ 0.7 ዲግሪ ስህተት ማለት ነው፤ ምልክቱ ሲጎላ ስህተቱም እኩል ይጎላል።

ከኦፕ አምፑ የኃይል እግሮች አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አይቅር። በቺፑ ውስጥ ያለው ሁለተኛው ማጉያ ሥራ ከሌለውም መግቢያዎቹ ከምንም ሳይገናኙ ተንጠልጥለው መተው የለባቸውም።

ለዚህ ልኬት ግን እኔ የምመርጠው ማጉያውን ጨርሶ መተው ነው። ኡኖ አር3 ውስጣዊ የ1.1 ቮልት ማጣቀሻ (የሚለካውን ቮልቴጅ የሚያነጻጽርበት መነሻ) ስላለው፣ በእርሱ ሲያነብ አንዱ የንባብ እርምጃ 1.07 ሚሊቮልት፣ ማለትም 0.1 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህ ማጣቀሻ ከቺፕ ቺፕ ስለሚለያይ፣ ኤሬፍ በተባለው እግር ላይ በመልቲሜትር ለክቶ የተገኘውን ቁጥር በኮዱ ውስጥ ማስገባት ያስፈልጋል።