የፔጆ 404 ዲፈረንሻሌን ሁለት ጊዜ እንዴት እንዳጠፋሁትና በሦስተኛው እንዴት እንደዳነ

ሐረር ውስጥ ፔጆ 404 የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል፤ ለእኔ ግን የነገረኝ አልነበረም። የዚህ መኪና የኋላ ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ክፍል)፣ ጋራዦቻችን ዛሬ በየቀኑ ከሚፈቱት የሃይሉክስና የሚኒባስ ዲፈረንሻል ጋር በስም እንጂ በአሠራር አይገናኝም። በእነዚያ ውስጥ ኮሮናውም (ትልቁ ማርሽ) ፒኞኑም (እርሱን የሚያዞረው ትንሹ ማርሽ) ብረት ነው። በ404 ውስጥ ያለው ግን ቪት የምንለው፣ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ የብረት ዘንግና እርሱ የሚያዞረው የነሐስ ማርሽ ነው። ይህን ልዩነት ባለማወቄ ሁለት ዲፈረንሻል አጥፍቻለሁ፤ ሁለተኛውን ደግሞ ዐይኔ እያየ።

መኪናው የአባቴ ነበር። ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፈው ተሳፋሪ ከሚጠብቁት ታክሲዎች አንዱ ሆኖ እኛን ያሳደገ ስለሆነ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ ሽጠው ያለኝን ሁሉ እምቢ አልኩ። በ2012 ዓ.ም. ሞተሩን አሳደስኩና ለዲፈረንሻሉም የሚገባውን ክብር ልስጠው ብዬ ከሱቁ ውስጥ በጣም ውድ የሆነውን ጂ ኤል 5 የሚባል፣ ቁጥር 90 የማርሽ ዘይት ገዝቼ አስሞላሁ። ጥፋቱ የተጀመረው በዚህ ነው። ያ ዘይት የብረት ጥርስ ከብረት ጥርስ ጋር ሲፋተግ እንዳይላጥ የሚጠብቀው በውስጡ በተጨመረው የድኝና የፎስፈረስ ቅመም ሲሆን፣ ይኸው ድኝ ግለት ሲያገኝ ነሐስን ይበላል። ርካሽ ዘይት ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዲፈረንሻሉ ዛሬም በሠራ ነበር፤ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይቆጨኛል።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ፍጥነቴ ከ60 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ከኋላ እንደ ንብ መንጋ የሚያዜም ድምፅ መጣ። ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ ጥቂት ዘይት አውርዶ ማግኔት ነከረበት፤ ማግኔቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። «አቦ ምንም የለውም፣ ዘይት ጨምረህ ንዳው» አለኝና ነዳሁት። ነሐስ በማግኔት እንደማይያዝ አንድ ተማሪ እንኳ ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት አላሰብኩትም። ስለዚህ በ404 ላይ ማግኔት ምንም አይነግራችሁም። ዘይቱን ነጭ ሳህን ላይ አፍስሳችሁ ፀሐይ ላይ እዩት። ከሁለት ወር በኋላ ሸዋ በር አካባቢ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልንቀሳቀስ አለ፤ ዘይቱ ሲወርድ የወርቅ ቀለም ይመስል ነበር።

የዲፈረንሻሉ አወጣጥ አስቸጋሪ አይደለም፤ ጎማ፣ የፍሬን ቱቦ፣ ሾክ፣ ሞላና ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ ከተፈቱ፣ ካርዳኑ (ኃይሉን ወደ ኋላ የሚያደርሰው ዘንግ) የሚዞርበት ወፍራም ቱቦ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የተያያዘበት ቡሎን ከተላቀቀ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ ኋላ ተጎትቶ ይወጣል። ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሥራ ካቆመ ታክሲ ሙሉ የኋላ አክስል (ዲፈረንሻሉን ከነጎማዎቹ ዘንግ) በ18,000 ብር አገኘሁ። ከመክፈሌ በፊት ቆጠርኩ፤ ሁለቱም ጎማዎች እኩል 5 ዙር ሲዞሩ ካርዳኑ 21 ዙር ዞረ፤ ይህም ከእኔው ጋር አንድ ነበር። አንዱን ጎማ ይዛችሁ ሌላውን ብቻ ካዞራችሁ ግን ስሌቱ ስለሚዛባ ሁለቱንም አብራችሁ አዙሩ። እስከዚህ ድረስ ያደረግሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ አክስሉን እንዳለ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ።

መካኒኩ ግን መክፈት አለብን አለ። ማርሹን በእጁ ሲወዘውዘው ትንሽ ልቅነት ነበረው። ከዚያም ከአሮጌው ዲፈረንሻል የወጣውን ቪት ካዲሱ ጎን አስቀምጦ የእኛው ይበልጥ እንደሚያብረቀርቅ አሳየኝና፣ የእኛን ቪት ከተገዛው የነሐስ ማርሽ ጋር ልንገጥመው ወሰነ። «ጋሼ፣ አብረው የኖሩትን መለየት ጥሩ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ብረቱ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ምን ትፈልጋለህ?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ሠላሳ ዓመት የሠራበትን ሰው እኔ ምን ብዬ አስተምራለሁ ብዬ ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ቪትና ነሐስ እርስ በርስ እየተፋተጉ የአንዱ ገጽ የሌላውን ቅርጽ ይይዛል። ሲለያዩ ከሙሉው ጥርስ የሚነካካው ትንሽ ጠርዝ ብቻ ይሆናል።

ከዚህም የከፋው ማስተካከያው ነበር። በኮሮናና ፒኞን ሥራ ልቅነትን የሚያጠፉት ኮሮናውን በስስ ቀለበቶች ወደ ጎን በማስጠጋት ነው፤ መካኒኩም እንዲሁ አደረገ። የነሐሱ ማርሽ ግን ጥርሶቹ ቪቱን አቅፈው እንዲይዙ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ቦታው ልክ መሐል ላይ ብቻ ነው። ወደ ጎን ሲገፋ ልቅነቱ የጠፋ ይመስላል፤ እውነቱ ግን የማርሹ ጠርዝ ቪቱን መብላት ጀመረ ማለት ነው። ዘንጉ የሚዞርባቸውን ኩሽኔታዎችም፣ ዘንጉ በእጅ ሊዞር እስኪቸግር ድረስ አጠበቃቸው። እኔ አጠገቡ ቆሜ መብራት እይዝለት ነበር። ዘንጉን ራሴ አዙሬ ሲከብደኝ «ሲነዳ ይለቃል» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ዘይቱም ያው 90 ነበር።

በማግስቱ በዓወዳይና በሐረማያ አድርጌ ወደ ድሬዳዋ ወረድኩ። ደርሼ አክስሉን በእጄ ስነካው አቃጠለኝ። እዚያው ማቆም ነበረብኝ፤ አላቆምኩም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ስትሆን ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱም ከድሬዳዋ ሲወጣ በደንገጎ ጠመዝማዛ አቀበት ነው። ሙሉ ጭነት በዲፈረንሻሉ ላይ የሚያርፈው በዚያ ነው። አቀበቱ ሳያልቅ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ገባ፤ ቀጥሎ ከኋላ ጭስ ታየኝና የኋላ ጎማዎቹ ሊቆለፉ ሲሉ ዳር ያዝኩ። መኪናው በአይሱዙ ተጭኖ ሐረር ገባ። ሲከፈት ነሐሱ ቪቱ ላይ እንደ ቅቤ ተለጥፎ ነበር።

መካኒኩ ይቅርታ አልጠየቀም። «የዚህ መኪና ዲፈረንሻል ደካማ ነው፤ የሚኒባስ አክስል በይደን እናስገባ» አለ። ይህን ምክር ከሌሎችም ሰምቻለሁ፤ በጽኑ እቃወመዋለሁ። በ404 ላይ የጎማውን ግፊት ወደ መኪናው አካል የሚያስተላልፈውና አክስሉ እንዳይገለበጥ የሚይዘው ካርዳኑ ያለበት ቱቦ ነው። ቱቦው ሲቀር ሞላው ብቻውን አክስሉን አይይዘውም። ደካማ ነው ማለትም ሐሰት ነው። በዚሁ የቪትና የነሐስ ዲፈረንሻል 404 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 እ.ኤ.አ. አሸንፏል። የደከመው የእኛ እጅ ነው።

ነገሩን በመጨረሻ ያስረዱኝ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። የተቃጠለውን ማርሽ በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥርሶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱና «ይሄ እኮ ኮሮና አይደለም፣ ልጄ፤ ለምን ወደ ጎን ገፋችሁት?» አሉኝ። ምን እንደተደረገ አልነገርኳቸውም ነበር፤ ከጥርሱ ነው ያነበቡት። ፔጆ ለዚህ ዲፈረንሻል የመከረው ከጉሎ ፍሬ የተሠራ ዘይት እንደነበረ፣ እርሱ ከጠፋ ደግሞ ፋብሪካዎች ለነሐስ ማርሻቸው የሚጠቀሙበት፣ ድኝ የሌለበት ቁጥር 460 ዘይት እንደሚበጅ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። ድሬዳዋ የፋብሪካ ከተማ በመሆኗ ዘይቱን በአንድ ቀን አገኘሁት። የመኪና ዘይት ሻጮች «ይህ የመኪና አይደለም» ይሏችኋል፤ አትስሟቸው።

ሁለተኛውን አክስል በ25,000 ብር ገዝቼ ወደ እርሳቸው ወሰድኩት። ቪቱና ማርሹ ሳይለያዩ፣ ሰማያዊ ቀለም ጥርሱ ላይ ስስ አድርገው ቀብተው አዞሩት፤ የቀለሙ አሻራ በመሐል፣ ጥርሱ ከቪቱ ወደሚለቅበት ጎን ጥቂት አዘንብሎ ታየ። በሚገባበት በኩል የቀረችው ትንሽ ክፍተት ዘይቱን ወደ ውስጥ የምታስገባ በር መሆኗን አሳዩኝ። ያቺን ክፍተት ነበር እኛ የዘጋናት። ከቀለበቶቹ አንዱን ብቻ ቀየሩ፤ ልቅነቱን ግን አልነኩትም። ዘንጉ በሁለት ጣት ይዞር ነበር።

መጀመሪያ ጁገል ዙሪያ ብቻ፣ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ እየቆምኩ ግለቱን በእጄ እየለካሁ ነዳሁ፤ በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ቀየርኩ። እስካሁን ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዷል፤ ደንገጎንም ደጋግሞ ወጥቷል። ባለፈው ወር ዘይቱን ነጭ ሳህን ላይ ሳወርደው ጥቁር ነበር፤ ወርቅ አልነበረበትም። አክስሉ ላይ፣ ከመሙያው ቀዳዳ በላይ፣ ማንም መካኒክ ሳያየው እንዳያልፍ በነጭ ቀለም በትልቁ «90 ዘይት አይግባበት» ብዬ ጽፌበታለሁ።